ቅቤ የተቀባው ተክል

አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ስማቸው ወይዘሮ አሰገደች ይባላል። በገበያው ውስጥ እሳቸውን ያታለለ ሰው አለ ሲባል ተሰምቶ አይታወቅም። ጥጥ ነው ተብሎ ከመጣላቸው ጨርቅ ጫፍ ላይ አንድ ክር መዝዘው በክብሪት ይለኩሱታል፤ ጭሱን አሽትተው፣ አመዱን በጣታቸው ፈትገው ነው የሚያምኑት። ክሩ ንጹሕ ጥጥ ሆኖ ሲገኝ እንኳ ደስ አይላቸውም። «እንግዲህ ማታለያው ሌላ ቦታ ላይ ነው» ይሉና ጣቃውን ይገለብጡታል። ይህ ጠባይ ለንግድ በጅቷቸዋል። ችግሩ፣ ማታ ሱቃቸውን ሲዘጉ ጠባዩን እዚያው ቆልፈውበት አይሄዱም ነበር። አብሯቸው ቤት ይገባል።

ሳሎናቸው ውስጥ ትልልቅና ወፋፍራም ቅጠል ያለው፣ ሰው የጎማ ዛፍ የሚለው ተክል ነበራቸው። ባለቤታቸው ከመሞታቸው በፊት በባዶ የዘይት ቆርቆሮ የተከሉት ነው። ባልየው ሲያርፉ ወይዘሮ አሰገደች ልብሳቸውን ለነዳያን ሰጡ፣ አልጋቸውንም ለዘመድ ሰጡ፤ ተክሉን ግን ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። ከዓመት ዓመት ቆርቆሮው ዛገ፣ ጎኑም ተሰነጠቀና ሥሩ በስንጥቁ በኩል ብቅ ብቅ ማለት ጀመረ። እሳቸው ይህን አላዩም። የሚያዩት ቅጠሉን ብቻ ነበር።

አንድ ልጃቸው ናሁሠናይ ሚስት አገባ። ሙሽራዋ ውዳሴ ትባላለች። ሠርጉ ተደገሰ፣ መልሱም ቅልቅሉም አለፈና ውዳሴ ሻንጣዋን ይዛ አማቷ ቤት ገባች። ሰው ሁሉ አዲስ፣ የቤቱ ሰዓት አዲስ፣ የወጡ ጨው እንኳ ከለመደችው የተለየ ሆነባት። ስትራመድ ኮቴዋ አይሰማም፤ ማዕድ ላይ ቶሎ «ጠገብኩ» ትላለች፤ ምንም ቢጠይቋት መልሷ «እሺ» ነው። ሌላ አማት ቢሆኑ «ጨዋ ልጅ ገጠመችኝ» ብለው ለጎረቤት ባወሩ ነበር። ወይዘሮ አሰገደች ግን «ይህን ያህል ዝምታ ከምን መጣ?» አሉ በሆዳቸው።

ውዳሴ አማቷን ደስ የሚያሰኝ ነገር ልታደርግ ፈለገች። ምን ላድርግ ብላ ስታስብ ያ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ ዓይኗ ውስጥ ገባ። አማቷ ገበያ በዋሉበት ቀን ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ትልቅ ሸክላ ገዛች፤ ጥሩ አፈር አስመጣች፤ ቆርቆሮውን በጥንቃቄ ቀድዳ ተክሉን ከነአፈሩ አወጣችና ሸክላው ውስጥ ተከለችው። ሳትጠይቅ ማድረጓ ጥፋት ነው የሚል ይኖራል። ግን ስጦታ አስፈቅዶ የሚሰጥ ማን አለ?

ወይዘሮ አሰገደች ሲመለሱ አዩት። «እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ ቤቱን አሳመርሽው» አሉና ፈገግ አሉ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። የባሌን ቆርቆሮ ለምን ጣለችው? ለምንስ እኔ የሌለሁበትን ቀን መረጠች?

ጥቂት ቀናት አለፉና የተክሉ ቅጠል ቢጫ መሆን ጀመረ። አንዱ ወደቀ፣ ሌላው ተከተለ። ውዳሴ አማቷ ፊታቸው ሲጠቁር አይታ ቀረብ አለች።

«እማዬ፣ አይስጉ። ቦታ ሲቀየርበት ይደነግጣል። ለጊዜው ካልነካነው ራሱ ይለምዳል።»

እሳቸው ከዚህ ሁሉ ንግግር የያዙት አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ካልነካነው። ስንት ዓመት በነገዱበት ገበያ «አይንኩት» የሚል ሻጭ የሚደብቀው ጉድ ያለበት ሻጭ ነው። ስለዚህ ነኩት።

መጀመሪያ ልጅቷ ሥሩን ቆርጣው እንደሆነ ለማየት ግንዱን ይዘው ከአፈሩ ነቀሉት። ሥሩ ደህና ነበር፤ ሲነቅሉት የተበጠሰው ሲቀር። መልሰው ተከሉትና «እንግዲህ ማታለያው ሌላ ቦታ ላይ ነው» አሉ። በሳምንቱ ደግሞ ነቀሉት፤ ምናልባት ባለፈው ያላዩት ነገር ይኖር ይሆናል። ከዚያ የሙሽራዋ እጅ እንዳይደርስበት ብለው ከመስኮቱ ሥር አንሥተው መኝታ ቤታቸው አስገቡት። እዚያ ጨለማ ነበርና ቅጠሉ ባሰበት። አውጥተው ኮሪደር ላይ አቆሙት። ኮሪደሩ ደግሞ ሰው የሚተላለፍበት ነው፤ መልሰው ሳሎን ከተቱት።

ተክሉ እየከሳ ሲሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘባቸው። የሰው ዓይን አርፎበት ይሆናል ብለው በጄሪካን ጠበል አስመጡና ጠዋት ጠዋት አጠጡት። ጠበሉ ምንም ጥፋት የለበትም፤ ሥሩ ግን እየዋኘ ነበር። ከሕመም ለሚነሣ ሰው አጥሚት ጉልበት ይሰጣል፤ ለራሳቸው ካፈሉት አጥሚት የተረፈውን ቀጠን አድርገው ሸክላው ውስጥ አፈሰሱለት። የደከመ ሰው አናቱን ቅቤ ሲቀባ ይበረታል፤ ለጋ ቅቤ አቅልጠው እያንዳንዱን ቅጠል ከፊትም ከኋላም ቀቡት። ተክሉ አብረቀረቀ። ወይዘሮ አሰገደች አይተው ረኩ፤ በነጋታው ግን ሦስት ቅጠል ወለሉ ላይ ወድቆ አገኙ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ከልባቸው ነው። ያንን ተክል ይወዱታል፤ ከባላቸው የቀራቸው እሱ ነው፤ ሲጠወልግ ባላቸው እንደገና የሚሞቱ ይመስላቸው ነበር።

«እኔ ይህን ያህል እየደከምኩለት የሚሞት ከሆነ፣ የሚገድለው ሰው አለ» አሉ።

ያን ሰው ለመያዝ ከዕቃ ቤት አንድ ጭብጥ ዱቄት አምጥተው ሸክላው ዙሪያ በስሱ ነሰነሱና ገበያ ሄዱ። ሲመለሱ ዱቄቱ ላይ የነጠላ ጫማ አሻራ አለ፤ እስከ ሸክላው ድረስ ሄዶ ተመልሷል። አሻራው የውዳሴ ነው። ያን ቀን ማታ ወይዘሮ አሰገደች ደግ ሆነው አመሹ። «ብዪ እንጂ ልጄ፣ ከሳሽብኝ እኮ» እያሉ አጎረሷት። ልጅቷም አማቴ ወደዱኝ ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግባ በላች።

በማግስቱ ወደ ገበያ የሚሄዱ መስለው ወጡና ከመንገድ ተመለሱ። በጓሮ በር ገቡ። ውዳሴ ተክሉ አጠገብ ተንበርክካ፣ ለብ ያለ ውኃ በጎድጓዳ ሳህን ይዛ፣ ቅጠሎቹን አንድ በአንድ በጨርቅ ትጠርጋለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

ውዳሴ ደንግጣ ተነሣች። እውነቱን ልትናገር አፏን ከፈተች። እውነቱ ግን «እማዬ፣ የቀቡት ቅቤ ቅጠሉን አፍኖታል» የሚል ነው፤ ይህን አዲስ ሙሽራ ለአማቷ በየትኛው አፏ ትበለው? ይሉኝታ ያዛት።

«አቧራ ነው እማዬ። አቧራውን ልጥረግ ብዬ ነው።»

ወይዘሮ አሰገደች ጨርቁን ተቀበሏት። በሁለት ጣታቸው ፈተጉት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ቅቤ ነው።

«አቧራ እንዲህ ይሸታል እንዴ?»

ውዳሴ አንገቷን ደፋች። እንባዋ ሲወርድ አማቷ አዩት፤ ለእሳቸው እንባው የመያዝ እንባ ነበር። ልጅቷ በእርግጥ ዋሽታለች። ውሸቷ አማቷን ላለማሳፈር የተዋሸ ትንሽ ውሸት ነው፤ ማስረጃ ሲፈልግ ለከረመ ሰው ግን ውሸት ውሸት ነው፣ ትንሽ ትልቅ የለውም።

ናሁሠናይ ከሥራ ሲገባ እናቱ በሩ ላይ ጠበቁት።

«መድኃኒቱን እየጠረገች ነው የምታስቀረው። በዓይኔ ያዝኳት። ለሞተው አባትህ ተክል ያልራራች ሴት ነገ ለእኔ ትራራለች?»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? ተክል እኮ ነው።»

«የአባትህ ተክል ነው። ደግሞ ዋሽታኛለች፤ ጠይቃት።»

ናሁሠናይ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ሰነፍ ነበር እንጂ። ከሁለት ሴቶች መካከል መቆም ሲከብደው የቀለለውን መረጠ። ወደ ሚስቱ ገባና «ምን አድርገሽው ነው?» አላት። ውዳሴ የአማቷን ጥርጣሬ እስከዚያን ቀን ችላዋለች። ባሏ አፍ ላይ ስታገኘው ግን አቃታት። ጠዋት ሻንጣዋን አዘጋጅታ ወደ እናት አባቷ ቤት ሄደች። ናሁሠናይ ሁለት ጊዜ ሊያመጣት ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ ብቻውን ተመለሰ። ትዳሩ በአንድ ጎማ ዛፍ ሰበብ ሊፈርስ ተቃረበ።

ወይዘሮ አሰገደች አሁን ተክሉ ይድናል ብለው ጠበቁ። ጠላት ከቤት ወጥቷልና። ጠበሉን ጨመሩ፣ አጥሚቱን ጨመሩ፣ ቅቤውንም ደገሙት። ተክሉ ይድናል ሲባል ጭራሽ ባሰበት። አፈሩ መሽተት ጀመረ፤ ትንንሽ ዝንቦች ዙሪያውን ሰፈሩ። «ሄዳም ዓይኗ እዚህ ቀርቷል» አሉ። በመጨረሻ ግንዱና ሁለት ቅጠል ብቻ ሲቀር ልጃቸውን ጠርተው «አውጣና ጣልልኝ፤ ሲሞት ማየት አልችልም» አሉት። ናሁሠናይ ግን ለመጣል አንጀቱ አልቻለም። ከበሰበሰው አፈር አብዛኛውን ደፍቶ በጓሮው በረንዳ ጥግ አስቀመጠውና ረሳው።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ አሰገደች የወንድማቸው መርዶ መጣባቸውና ሩቅ አገር ለለቅሶ ሄዱ። እስከ አርባው እዚያው ከረሙ። ናሁሠናይም ባዶ ቤት ማደር ከብዶት ጓደኛው ዘንድ ሰነበተ። ቤቱ ተቆለፈ። ክረምት ነበር፤ ከጣራው ጠርዝ አልፎ አልፎ ካፊያ ወደ በረንዳው ይረጫል።

ወይዘሮ አሰገደች ሲመለሱ ጥቁራቸውን እንደለበሱ የጓሮውን በር ከፈቱ። ልጃቸው ተክሉን ጥሎ ባዶውን ሸክላ የተወው መስሏቸው አንሥተው ሊያስቀምጡት ነበር። ተክሉ ግን ቆሟል። ግንዱ ጠንክሯል፤ ከጎኑ ሁለት ጮርቃ ቅጠሎች አውጥቷል፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ሊፈታ የተዘጋጀ ቀይ ሹል እንቡጥ ይዟል። ወይዘሮ አሰገደች እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ደስታው ግን እግሩን ሳያሳርፍ ያ አመላቸው መጣ። ማን ገባ?

ቁልፉን አዩት፤ አልተነካም። መስኮቶቹን ዞረው አዩ፤ ደህና ናቸው። ምናልባት ተክሉ ያ ተክል አይሆን ይሆናል፤ አንድ ሰው ቀይሮት ይሆናል። ጎንበስ ብለው ግንዱን መረመሩ፤ ተክሉ ገና ትንሽ ሳለ ባላቸው በገመድ ያሰሩበት ጠባሳ አለ። ራሱ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ጋሽ ዘውገ ሄዱ። ጋሽ ዘውገ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ደጃፋቸው ተቀምጠው የሚውሉ ሰው ናቸው፤ በዚያ መንገድ ያለፈ ሁሉ በእሳቸው ዓይን ሥር ነው የሚያልፈው።

«ጋሽ ዘውገ፣ እኔ በሌለሁበት ቤቴ የገባ ሰው አለ?»

«ነፍስ ይማር ወይዘሮ አሰገደች። ኧረ ማንም አልገባም።»

«ልጅቷስ? ውዳሴ አልመጣችም?»

«እሷማ ከሄደች ወዲህ በዚህ አላለፈችም።»

«እንግዲያ የሞተውን ተክል ማን አዳነው?»

ጋሽ ዘውገ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«የገባ ሰው ከሌለ፣ የወጣውን ሰው ይጠይቁ።»

ወይዘሮ አሰገደች የሽማግሌ ወግ ነው ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ቃሉ ግን ተከተላቸው። ተክሉ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ሱቅ ውስጥ የጠፋ ጣቃ እንደሚፈልጉ ሁሉ ነገሩን ከሥሩ ያዙት። ውዳሴ ቤት ውስጥ እያለች ተክሉ ይደክም ነበር። ውዳሴ ስትሄድም ደከመ፤ እንዲያውም ባሰበት። ስለዚህ እሷ አይደለችም። ልጃቸው ተክሉን ወደ ጓሮ ከማውጣት ያለፈ ነክቶት አያውቅም። እንግዲህ ተክሉ ሲታመም ሁልጊዜ አጠገቡ የነበረ፣ ሲድን ደግሞ ያልነበረ ሰው ማነው?

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ወይዘሮ አሰገደች ሁለተኛ ሰው ፈለጉ። በሸክላው ላይ ሊያላክኩ ሞከሩ፣ በአፈሩ ላይ ሞከሩ፣ ተራው የድመቷ እስኪደርስ ድረስ ሞከሩ። በመጨረሻ ማምለጫ አጡ። ገበያው ሁሉ የሚፈራቸው ሴት፣ በገዛ ቤታቸው ሲያታልላቸው የኖረውን ሰው ሳይዙት ዓመት ሊሞላ ነው፤ ሰውየው እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ኀፍረት ያዛቸው። ያን ቀን ሰው አጠገባቸው ባይኖርም ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ።

ሽማግሌ ልላክ ብለው አሰቡ፤ ወጉም እሱ ነው። ነገር ግን ሽማግሌ ሥራው ማስታረቅ ነውና ጥፋቱን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከፊሉንም ለልጅቷ ይሰጣታል። ስለዚህ ማንንም ሳያስከትሉ ብቻቸውን ሄዱ። የውዳሴ እናት በር ከፍተው ሲያዩዋቸው ፊታቸው ከበደ፤ ቢሆንም ጨዋ ናቸውና አስገቧቸው። ውዳሴ ከውስጥ ወጣች። ከስታለች። ጉልበት ልትስም ጎንበስ ስትል አማቷ ያዟት።

«ልጄ፣ ተክሉ ዳነ።»

«እንኳን ደስ አለዎት እማዬ።»

«እኔ ከቤት ስወጣ ነው የዳነው።»

ውዳሴ መቀመጫ አቀረበችላቸው።

«ያን ቀን የጠረግሽው የእኔን ቅቤ ነበር። አይደለም?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

ውዳሴ ለመጀመሪያ ጊዜ አማቷን ቀና ብላ አየቻቸው።

«ብነግርዎት ያምኑኝ ነበር?»

ወይዘሮ አሰገደች «እንዴት አላምንሽም» ሊሉ ነበር። ተዉት። «አላምንሽም ነበር» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም አለቀሱ፤ እናትየውም ወጥ ቤት ገብተው አለቀሱ።

«በይ ነዪ፣ ቤትሽ እንሂድ» አሉ አማቷ እንባቸውን ጠርገው።

«እመጣለሁ እማዬ። ዛሬ ግን አይሆንልኝም። መቼ ትመጫለሽ ብለው አይጠይቁኝ፤ ሰውም አይላኩብኝ። ናሁሠናይ ብቻ ይምጣ፤ እሱም አንድ የሚጠይቀኝ ይቅርታ አለበት።»

ያ የድሮ ሐሳብ ወዲያው ብቅ አለ። ለምን ዛሬ አይሆንም? ከእናቷ ጋር ምን ሊመክሩ ነው? ወይዘሮ አሰገደች ሐሳቡን አወቁት፤ የት እንደሚያደርሳቸውም አወቁ። «እሺ ልጄ» ብለው ተነሡ።

የመጠበቁ ጊዜ በሕይወታቸው ከባዱ ሥራ ነበር። ስንት ጊዜ ስልኩን አንሥተው መልሰው አስቀመጡት። ከልጃቸው አፍ ወሬ ለማውጣት ምላሳቸው እየበላቸው ዋጥ አደረጉት። ናሁሠናይ ሄዶ የሚለውን አለ፤ ምን እንዳለ አልጠየቁትም። ተክሉን መስኮቱ ሥር መልሰው አኖሩት፤ አፈሩ ሲደርቅ ብቻ ውኃ ይሰጡታል። እጃቸው ወደ ግንዱ ሲሄድ ኪሳቸው ውስጥ ይከቱታል።

አንድ ተራ ቀን፣ እሳቸው ሽንኩርት እየላጡ ሳለ የግቢው በር ተከፈተ። ውዳሴ ሻንጣዋን ይዛ ገባች፤ ሰላም አለቻቸው፤ ወደ ክፍሏ አልፋ በሩን መለስ አደረገችው። ወይዘሮ አሰገደች ቢላቸውን አስቀምጠው እስከ ኮሪደሩ ሄዱ። ሻንጣ ሲከፈት ተሰማቸው። ምን ይዛ መጣች? ሁሉን ልብሷን ነው ወይስ የሁለት ቀን? በሩ ሳይቆለፍ ገርበብ ብሏል፤ በጣት ቢገፉት ይከፈታል። ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ተመለሱና ሽንኩርታቸውን ቀጠሉ። ውዳሴ ያን ክፍል ለቅቃ እስክትወጣ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ጎናቸው ተቀምጣ ሌላ ቢላ አነሣች።

ወዳጄ፣ የዚህ ታሪክ ትምህርት ይህ ነው። ጨርቅን መፈተሽ ጨርቁን አይጎዳውም፤ ሕይወት ያለውን ነገር ግን ይጎዳዋል። አዲስ አፈር ላይ የተተከለ ሁሉ፣ ሙሽራም ይሁን አዲስ ሠራተኛ ወይም ከሌላ ሰፈር የመጣ ጎረቤት፣ መጀመሪያ ይደነግጣል፣ ይጠወልጋልም። መጠውለጉን ክፋት ነው ብለን በየቀኑ ስንነቅለው፣ የምናገኘው የእሱን ጥፋት አይደለም፤ የገዛ ፍተሻችን ያደረሰበትን ቁስል ነው። ይባስ ብሎ ቁስሉን ማስረጃ እናደርገዋለን። መልካም ልብም ብቻውን አይበቃም፤ ወይዘሮ አሰገደች ተክሉን ሊገድሉት የነበረው ከመውደድ ብዛት ነው። ይሉኝታም ብትሆን ለጥርጣሬ ጥሩ ማገዶ ናት፤ ውዳሴ እውነቱን በለዘበ አፍ ተናግራው ቢሆን ኖሮ ቢያንስ በአቧራ አትያዝም ነበር።

እስቲ እርስዎም ያስቡበት፤ እርስዎ ለጥቂት ጊዜ ዘወር ቢሉለት ብቻ የሚያገግም ሰው በቤትዎ የለም?